ከቩርትስቡርግ እስከ ዳላስ፤ እንግዳው ተጫዋችና የሚቀበለው ቤት

በአገራችን «ለአገሩ ባዳ፣ ለሰው እንግዳ» የሚባል አነጋገር አለ። ሰው የተወለደበትን ቀዬ ለቆ ወደማያውቀው አገር ሲገባ የሚሰማውን ብቸኝነት በአራት ቃል ጠቅልሎ የሚገልጽ ስለ ሆነ እኛም የዛሬውን ጽሑፋችንን በእሱ ጀመርን። የምንጽፈው ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ይሁን እንጂ የኳስ ነገር የማይጥመው አንባቢያችን ገጹን እንዳይገለብጥብን እንለምናለን። ነገሩ ከሜዳው አልፎ አዲስ ሥራ የጀመረውን ወጣት ሁሉ፣ አዲስ ሠራተኛ የሚቀበለውንም አለቃ ሁሉ የሚመለከት ነውና።

በቅድሚያ ዛሬ የተደረሰበትን እንመልከት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። ኤን.ቢ.ኤ. በሚባለው የአሜሪካ ባለሙያዎች የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ የሚጫወቱት የውጭ አገር ሰዎች ቍጥር ዛሬ ከመቶ በላይ ነው። ከ2019 እስከ 2025 በነበሩት ሰባት ዓመታት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰኘው ሽልማት አንድ ጊዜ እንኳ አሜሪካ ውስጥ ለተወለደ ሰው አልደረሰም። ግሪካዊው ያኒስ አንቴቶኩምፖ ሁለት ጊዜ፣ ሰርቡ ኒኮላ ዮኪች ሦስት ጊዜ፣ ካሜሩን የተወለደው ጆኤል ኤምቢድ አንድ ጊዜ፣ ካናዳዊው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርም አንድ ጊዜ ወስደውታል። በ2023 ደግሞ የሳን አንቶንዮ ቡድን ፈረንሳዊውን ወጣት ቪክቶር ዌምባንያማን ከአዲሶቹ ሁሉ አስቀድሞ በአንደኛ ተራ መረጠው፤ ልጁም በመጀመሪያው ዓመቱ በአማካይ ከ21 ነጥብ በላይ እያስገባ የአዲስ ገቦች ሁሉ አውራ ተባለ።

ይህን የሚያይ ሰው፣ የአውሮፓ ወጣት ወደ አሜሪካ ሲሻገር ወደ ገዛ ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአውሮፓ ንጉሥ የነበረው ተጫዋች በአሜሪካ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። ታዲያ የተለወጠው ማን ነው? ልጆቹ ናቸው ወይስ ቤቱ? ብዙ ሰዎች ልጆቹ ናቸው ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ናቸው፣ ይልቁንም የቤቱ ድርሻ ከሚነገርለት ይበልጣል የምንል ነን። ለዚህም ምስክር ይሆነን ዘንድ በተለይ የአንድ ጀርመናዊን ታሪክ እንመረምራለን።

ኳሱ አንድ፣ ሕጉ ሁለት

አንዳንድ ሰው ቅርጫት ኳስ የትም ቢጫወቱት ያው ቅርጫት ኳስ ነው ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአውሮፓ አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ሲሆን በአሜሪካ 48 ደቂቃ ነው። በአሜሪካ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 82 ጊዜ ይጫወታል፤ ይኸውም በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ስለ ሆነ ተጫዋቹ በአንድ ቀን ልዩነት ለማለት ይቻላል፣ ከአውሮፕላን ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ አውሮፕላን ሲል ይከርማል። በአውሮፓ ልጁ በልምምድ ሰዓት የሚታረመውን ስሕተት እዚያ በጨዋታው መካከል፣ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እያየው ማረም አለበት።

ባለ ሦስት ነጥቡ መሥመርም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ዛሬ ከቅርጫቱ 6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ እስከ 2010 ድረስ ግን 6 ሜትር ከ25 ነበር። በኤን.ቢ.ኤ. ከፊት ለፊት ያለው ርቀት 7 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሻገረ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ክንዱ የለመደውን ርቀት በአንድ ሜትር ያህል አስረዝሞ እንደገና መማር ነበረበት። አንድ ሜትር ለተመልካች ምንም አይደለም፤ ለወርዋሪ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ከዚህም በቀር የመከላከሉ ሕግ ይለያያል። በአውሮፓ አንድ ረጅም ተከላካይ ከቅርጫቱ ሥር ተተክሎ እንደ ዘበኛ በሩን ሊጠብቅ ይችላል። በኤን.ቢ.ኤ. ግን ከ2001 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው በአጠገቡ ከሌለ በዚያ ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። በዚህ ምክንያት ለአጥቂው ሰፊ ቦታ ይከፈትለታል፤ ተከላካዩ ግን ፈጣኑንና ጠንካራውን ተቃዋሚ ብቻውን መጋፈጥ ግድ ይሆንበታል። ከአውሮፓ የሚሻገረው ልጅ የማጥቃት ችግሩ ሲቃለልለት የመከላከል ችግሩ የሚበዛበት ምክንያት ይህ ነው።

ወንበር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ

ወደ ጀርመናዊው ከመድረሳችን በፊት ከእሱ የቀደመውን ድራዤን ፔትሮቪችን ማስታወስ ይገባናል። ፔትሮቪች በ1964 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በሺቤኒክ ከተማ የተወለደ ክሮአት ነው። ከዛግሬቡ ሲቦና ክለብ ጋር በ1985ና በ1986 የአውሮፓን ዋንጫ አንሥቷል። በ1989 ለሪያል ማድሪድ ሲጫወት በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ 62 ነጥብ ያስገባ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ወደ ፖርትላንድ ሲሻገር የ25 ዓመት ጐልማሳ እንጂ ጀማሪ ልጅ አልነበረም።

ፖርትላንድ ግን በእሱ ስፍራ ክላይድ ድሬክስለርንና ቴሪ ፖርተርን የመሰሉ ተጫዋቾች ነበሩት። ስለዚህ ፔትሮቪች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ12 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ተሰጠው፤ በሁለተኛው ዓመት ይኸው ወደ ሰባት ደቂቃ ወረደ። አሠልጣኙን ሞኝ ነበሩ ለማለት አንደፍርም፤ ቡድኑ በ1990 እስከ ፍጻሜው ደርሷልና። በጥር 1991 ፔትሮቪች ወደ ኒው ጀርዚ ተዛወረ። እዚያ ኳሱን በእጁ ሰጡት፤ በ1991–92 በአማካይ 20.6፣ በሚቀጥለው ዓመት 22.3 ነጥብ እያስገባ ከሊጉ ምርጥ ዐሥራ አምስት ተጫዋቾች አንዱ ተባለ። ከዚያም በሰኔ 7 ቀን 1993 በጀርመን አገር አውራ ጐዳና ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ በ28 ዓመቱ ሞተ።

አሁን አንባቢያችንን እንጠይቃለን። ሰባት ደቂቃ በሚጫወትበት ወርና ሙሉ ጨዋታ በሚጫወትበት ወር መካከል ይህ ሰው ኳስ መወርወር ተማረ እንዴ? ውርወራውንስ አስቀድሞም ያውቀው ነበር። እርግጥ ነው፣ በልምምድ ሌት ተቀን የሚደክም ሰው ነበር፤ ሰውነቱንም አጠንክሯል። ነገር ግን ዋናው ለውጥ የተገኘው ሥራ ስለ ተሰጠው ነው። ሥራ ያልተሰጠውን ሰው «ሥራ አይችልም» ብሎ መፍረድ፣ ውሃ ያላጠጡትን ቡቃያ «አይበቅልም» እንደ ማለት ነው።

ጀርመናዊው ወጣት

ዲርክ ኖቪትስኪ በሰኔ 1978 በቩርትስቡርግ ተወለደ። እናቱ ለጀርመን ብሔራዊ ቡድን ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ፣ አባቱም የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። የገዛ ከተማው ክለብ በሁለተኛው ምድብ የሚጫወት፣ ከጀርመን ውጭ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው ያልነበረው ክለብ ነው። ልጁን ገና በ16 ዓመቱ ገደማ ያዩትና የያዙት ሚስተር ሆልገር ጌሽቪንድነር የተባሉ፣ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለጀርመን የተጫወቱ፣ ሒሳብና ፊዚክስ የተማሩ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ልጁን ከሌሎች አሠልጣኞች በተለየ መንገድ አስተማሩት። ኳሱ በየትኛው ማዕዘን ቢወረወር ወደ ቅርጫቱ ለመግባት እንደሚቀለው በቀመር አሰሉለት፤ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲጫወትና መጻሕፍት እንዲያነብም ገፋፉት። ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጅ በዚያ ዘመን ቅርጫት ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ይቆም ነበር እንጂ ከሩቅ አይወረውርም ነበር። እሳቸው ግን ከሩቅ እንዲወረውር አስተማሩት።

በመጋቢት 1998 በሳን አንቶንዮ በተደረገው የወጣቶች ግጥሚያ ኖቪትስኪ አሜሪካውያኑ ላይ 33 ነጥብ አስገባ። በሰኔ ወር ሚልዋኪ በዘጠነኛ ተራ መረጠውና ወዲያውኑ ለዳላስ አሳልፎ ሰጠው። የዳላስ አሠልጣኝ ሚስተር ዶን ኔልሰን የዓመቱ አዲስ ገብ አውራ እሱ ይሆናል ብለው አስቀድመው ተናገሩ። ይህ ለአንድ የ20 ዓመት ልጅ ምስጋና ሳይሆን ሸክም ነበር።

በዚያን ዓመት በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ መካከል በተነሣው የደመወዝ ክርክር ምክንያት ውድድሩ እስከ የካቲት 1999 ሳይጀመር ቀረ። ልጁም ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር በቂ ልምምድ ሳያደርግ፣ 50 ጨዋታዎች እንደ ጐርፍ በተከታተሉበት አጭር ዓመት ውስጥ ተወረወረ። ሲያትል ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታው ያስገባው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አማካዩ 8.2 ነጥብ ሆነ፤ ከሦስት ነጥቡ መሥመር ከወረወራቸው ኳሶች የገቡለት ከመቶ 21 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያንን ቀደም ብለን የጠቀስነውን አንድ ሜትር እዚህ ላይ አስታውሱት። በመከላከል ረገድ ደግሞ ድክመቱ ይበልጥ ጐልቶ ይታይ ስለ ነበር ቀልደኞች ስሙን አሳጠሩበት። መከላከል ማለት በእንግሊዝኛ «ዲፌንስ» ነውና፣ «ዲ» የሌለው ዲርክ ሲሉ «ኢርክ» ብለው ጠሩት። እሱም ወደ አገሩ መመለስን እስከ ማሰብ ደርሶ እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ ሚስተር ኔልሰን ተስፋ አልቈረጡበትም። ቀልደኞቹን ሰምተው ወንበር ላይ አስቀምጠው አልረሱትም፤ ቅርጫት ሥር ሄደህ ቁም ብለውም ጠባዩን አላስቀየሩትም። ይልቁንም በሁለተኛው ዓመት የሚጫወትበትን ሰዓት ጨመሩለት። ሁለተኛ፣ በዚያው በ1998 ከፊኒክስ ወደ ዳላስ የመጣው ካናዳዊው ስቲቭ ናሽ ጓደኛ ሆነው። ናሽም እንደ እሱ ከውጭ አገር የመጣ፣ እንደ እሱ በተመልካች የሚተች ወጣት ነበር፤ ሁለቱ ማታ ማታ ወደ ልምምዱ አዳራሽ እየተመለሱ አብረው ይወረውሩ ነበር። ሦስተኛ፣ ኖቪትስኪ በየበጋው ወደ ጀርመን እየተመለሰ ከአሮጌ መምህሩ ጋር በአንዲት አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ እንደ ጀማሪ ተማሪ ይሠለጥን ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? በሁለተኛው ዓመት አማካዩ 17.5 ነጥብ ደረሰ፤ ከሦስት ነጥቡ መሥመርም ከመቶ 38 ያህሉ ይገቡለት ጀመር። በሦስተኛው ዓመት 21.8 ሆነ፤ ቡድኑም ከ1990 ወዲህ ያላየውን የማጣሪያ ውድድር አየ። በ2007 ከአውሮፓ ተጫዋቾች የመጀመሪያው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2011 ሌብሮን ጄምስና ድዌይን ዌድ የተሰለፉበትን የማያሚ ቡድን አራት ለሁለት አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ2019 ሲያቆም 21 ዓመት ሙሉ በአንድ ቡድን ተጫውቶ 31,560 ነጥብ አስገብቶ ነበር።

ለዚህ ታሪክ ግን መልካም ገጽታውን ብቻ ማየት አይገባም። በ2006 ቡድኑ በፍጻሜው ሁለት ለባዶ ሲመራ ቆይቶ ተሸንፏል። በ2007 ደግሞ 67 ጨዋታ ያሸነፈው ይኸው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ሽልማቱንም የተቀበለው ከዚያ ውርደት በኋላ ነው። ቢሆንም ዳላስ እንዲህ ያለውን ሰው ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ዋንጫ አንሥቶበታል። በመጀመሪያው ዓመት ቢሰናበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ትዕግሥት ብቻውን ይበቃል ወይ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ «ነገሩ ሁሉ የአለቃ ትዕግሥት ከሆነ የልጁ ጥረት የት ሄደ?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱንም የሰርቡ ዳርኮ ሚሊቺች ታሪክ በከፊል ይሰጠናል። በ2003 ዲትሮይት ይህን የ18 ዓመት ልጅ በሁለተኛ ተራ መረጠው፤ ከእሱ በፊት የተመረጠው ሌብሮን ጄምስ ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ተመረጡ። ዲትሮይት ግን በ2004 ሻምፒዮን የሆነ ብርቱ ቡድን ስለ ነበር ልጁን ለማሳደግ ጊዜ አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት በ34 ጨዋታ ገባ፤ አማካዩም 1.4 ነጥብ ሆነ። በ2006 ወደ ኦርላንዶ ተላከ፤ ከዚያም ከቡድን ወደ ቡድን ሲዘዋወር ቆይቶ በ2012 ከሊጉ ወጣ። በኋላ በአገሩ ፍራፍሬ ተካይ ገበሬ ሆነ።

ሚሊቺች ራሱ፣ ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ይወቅስ እንደ ነበረና የራሱም ጥፋት እንዳለበት በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ከሁለቱ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። ፔትሮቪች ጥረት ነበረው፣ ቦታ አልነበረውም፤ ቦታ ሲያገኝ ተነሣ። ሚሊቺች ቦታም አላገኘም፣ ጥረቱም ሳይጸና ቀረ፤ ሁለቱ ሲጓደሉም ጠፋ። ኖቪትስኪ ሁለቱንም አገኘ። ቦታ ያለ ጥረት ባዶ ወንበር ነው፤ ጥረት ያለ ቦታም ተዘግቶ የሚቀር ሣጥን ነው።

ዛሬ ምን ተለወጠ?

ስሎቬናዊው ሉካ ዶንቺች በ13 ዓመቱ ወደ ሪያል ማድሪድ ገባ፤ በ19 ዓመቱ የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮናና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በ2018 ዳላስ ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኳሱን ሰጡት፤ በዚያው ዓመት በአማካይ 21.2 ነጥብ አስገባ። ነጥብ ማስገባት ከአውሮፓ ይልቅ በአሜሪካ ይቀላል ማለቱም ብዙ ሰው አስገርሟል። እኛን ግን አያስገርመንም፤ ከላይ እንደ ገለጽነው ሕጉ ለአጥቂ ቦታ ይከፍታል፤ በ2004 ደግሞ ተከላካይ አጥቂውን በእጁ እንዳይገታ የሚከለክለው ሕግ ጠብቋል። ከዚህም ጋር ያ ቡድን ኖቪትስኪን ያሳደገ ቡድን መሆኑን አንዘንጋ። የአንዱ እንግዳ ድካም ለሌላው እንግዳ በር ከፍቶለታል። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ሁልጊዜ ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ዳላስ ይህንኑ ዶንቺችን በየካቲት 2025 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጥቶታል።

አሁን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው። ዶንቺችም ሆነ ኖቪትስኪ የተሠሩት በአውሮፓ ክለብ ውስጥ ነው። ከ2021 ወዲህ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ከ2025 ጀምሮም ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት ብዙ የአውሮፓ ወጣቶች በ18ና በ19 ዓመታቸው ክለባቸውን ትተው ወደ ኮሌጅ ይሻገራሉ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኤን.ቢ.ኤ. ከዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ በአውሮፓ አዲስ ሊግ ለማቋቋም እንደሚያጠና አስታውቋል። ልጆቹን በገንዘቡ አንወቅሳቸውም፤ ደመወዝ ሲሰጠው የሚጠላ ሰው አላየንም። ነገር ግን ትልቁ ቤት ልጁን ገና ሳይበስል ከወሰደው፣ ልጁን የሚያበስለው ትንሹ ቤት በምን ይኖራል? የሁለተኛው ምድብ ክለብና ያቺ አነስተኛ አዳራሽ ከተዘጉ የሚቀጥለው ኖቪትስኪ ከየት ይመጣል? የአሜሪካ ባለ ቡድኖችም ሆኑ የአውሮፓ ክለቦች መሪዎች ሊጉን ከማቋቋማቸው በፊት ይህን ጥያቄ መመለስ ይገባቸዋል። ያሳደገ ክለብ የድካሙን ዋጋ የሚያገኝበት ሥርዐት ካልተበጀ ትርፉ የጥቂት ዓመት ይሆናል።

ለእኛስ?

ውድ አንባቢዎቻችን ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ናችሁ። እኛም ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ነን። አዲስ ቢሮ የገባ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንደሚያሳልፍ እናውቃለን። መዝገብ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያመላልስ ይውላል፤ በትምህርት ቤት የተማረው ሁሉ በድንገት የማይረባ ይመስለዋል፤ አንድ ደብዳቤ ተሳስቶ የጻፈ እንደ ሆነ ስሕተቱ እንደ ቅጽል ስም ሆኖ ይከተለዋል። እንዲህ ያለው ወጣት ኖቪትስኪ የደረሰበትን አንድ ሜትር ያስታውስ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መሥመሩ ርቆበት ነው። መሥመሩ መራቁን ዐውቆ ማታ ማታ ወደ አዳራሹ መመለስ የእሱ ፈንታ ነው፤ ከጐኑም እንደ ናሽ ያለ አንድ ባልንጀራ ይፈልግ፤ የቀድሞ መምህሩንም አይርሳ።

አለቆችም እንዲሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት በስምንት ነጥብ አይፍረዱ። ለአዲሱ ሰው እውነተኛ ሥራ ሰጥተው፣ ሲሳሳት አርመው፣ እንደገና ይስጡት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ ግን በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ታቅፋ ስታሞቀው ነው።